ዝውውር መጥቶልኛል፣ ግን አምስተኛው ሰው እኔ ነኝ

ሰሞነኛው · ኅዳር 9

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አንብቡት።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ድቁና የተቀበልኩት በ12 ዓመቴ ነው፣ እናቴ ናት እጄን ይዛ የወሰደችኝ። የሰፈራችን ደብር ግን ዲያቆን የተትረፈረፈበት ነው፣ ተራ የሚደርስህ በስንት ጊዜ አንዴ፣ ሲደርስህም ጃንጥላ ይዘህ ትቆምና ትገባለህ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በዛው ተውኩት። ከማንም ጋ አልተጣላሁም፣ የፈለገኝም የለም እኔም አልፈለግኩም፣ እንደዛው ሆኖ ቀረ።

ከዛ የሒሳብ ሥራ አገኘሁና ምደባው መንዝ ሆነ። ከተማዋን አልጠራትም ምክንያቱም ሦስት ሰው ካነበበው እኔ መሆኔ ይታወቃል፣ ከጣርማበር ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው መንገድ ላይ የሆነች ቦታ በሏት። አንድ ዋና መንገድ፣ የቅዳሜ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግ፣ ነፋስ። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል። አሁን ኅዳር ላይ ጠዋት በር ስትከፍት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል።

አከራዬ እማማ የመጀመሪያ ቀን የጠየቁኝ ደሞዜን አይደለም፣ «የነፍስ አባትህ ማነው?» ነው ያሉኝ። አዲስ አበባ ናቸው አልኳቸው። «እዚህ ብትሞትስ ማን ይፈታሃል?» አሉኝ፣ ቡናውን እየቀዱ፣ ስኳር ስንት እንደሚሉኝ ሁሉ።

ዲያቆን መሆኔን ግን ለእሳቸውም ለማንም አልተነፈስኩም። ለምን ብትሉኝ ድካሙን ስለማውቀው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐምሌ ላይ አንድ እሁድ ሄድኩ ቅዳሴ ልሰማ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አድሯል። ኪዳን ደረሰ፣ ከዛ ዝም። ቆይተው መምሬ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ወጡና «ዲያቆን አለ?» አሉ። ለካ ከገጠር ሚመጣው ልጅ ወንዝ ሞልቶበት ወዲያ ማዶ ቀርቷል። እንደምታውቁት ቅዳሴ ከአምስት በታች አይገባም፣ ሁለት ካህን ሦስት ዲያቆን፣ እነሱ አራት ናቸው። መምሬ ደግመው ጠየቁ። እኔ ከምሰሶው ኋላ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቆሜያለሁ። ጾመኛ ነኝ፣ ንጹሕ ነኝ፣ ሰበብ እንኳን የለኝም። ዝም አልኩ።

ሕዝቡ ጸሎት ተደርጎለት ተበተነ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ልጅዋን አዝላ ቆማለች፣ 80 ቀን ሞልቷት ለክርስትና ያመጣቻት። ክርስትና ያለ ቁርባን አይሆን፣ ቁርባን ያለ ቅዳሴ ከየት ይመጣል። በእግሯ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ማንንም አልተቆጣችም፣ የልጅቷን ራስ በነጠላ ሸፍና «እንግዲህ ለሳምንት» ብላ መንገዷን ጀመረች። በክርስትና እናትነት የመጣችው ጎረቤቷ ድፎ ዳቦውን እንደተሸከመች ከኋላዋ።

ማታ መምሬ ቤት ሄድኩ። ከአረም ገብተው እግራቸውን እየታጠቡ ደረስኩ። ነገርኳቸው። ብዙ አዩኝና «ጠርጥሬህ ነበር» አሉኝ። «ዲያቆኑ ተንሥኡ ለጸሎት ሳይል ከንፈርህ ይቀድመዋል።»

በማግስቱ ቀጥታ አስገቡኝ እንዳትሉ። የክህነት ማስረጃዬን አምጣ አሉኝ፣ እናቴ ከቁም ሳጥን አውጥታ በአውቶቡስ ላከችው፣ እሱም አልበቃቸውም የድሮ ደብሬ ድረስ አስደወሉ፣ ንስሐ ገባሁ፣ እና ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ጀመርኩ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ለፍልሰታ ጨረስኩት። አለቃዬ «ሰው በፈቃዱ ሶደሬ ይሄዳል» ብሎ ፈረመልኝ።

አሁን ጥያቄዬ። ዝውውር ጠይቄ ነበር ገና እንደመጣሁ፣ ረስቼው ሁላ ነበር፣ ተፈቅዶ መጣ፣ ወደ አዲስ አበባ። እስከ የካቲት ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እናቴ ብቻዋን ናት። እዚህ ደግሞ ወንዝ ከሚይዘው ልጅ ሌላ ያሉት ሁለቱ ዲያቆኖች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናቸው፣ አንዱ ዘንድሮ ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሊገባ አስቧል። ምን ትሉኛላችሁ?

ደብሬ 130 · ኅዳር 9

ሂድ ወንድሜ ምን ትጠይቃለህ። አንተ እዛ የሄድከው ሒሳብ ልትሠራ ነው። እናትህ ትቅደም። ዲያቆን ማፍራት የሰበካ ጉባኤው ሥራ ነው፣ የአንተ አይደለም። በዛ ላይ የመንዝ ዝውውር እንደ ሎተሪ ነው፣ ሁለተኛ አይወጣልህም። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት ግን ከዚህም ለመውጣት 4 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ጥሬ ገብስ · ኅዳር 9

እኔ ያልገባኝ ወጣት ነህ ሚስት የለህም፣ ዲያቆን ከሆንክ ደሞ ምርጫህ ተክሊል ወይ ምንኩስና ነው። የከተማዋ ሰው እስካሁን አልዳረህም? 😂

ሰሞነኛው · ኅዳር 9

@ጥሬ ገብስ አትጠይቀኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋ ሁለት ቀን ተከታትለን ምሳ በላን፣ የጾም በያይነት ነው ደግሞ። በሦስተኛው ቀን እማማ «ተክሊሉ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» አሉኝ። ልጅቷ እጮኛ አላት፣ አዲስ አበባ። ይሄንን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አሁንም ያመኑኝ አይመስለኝም። ከዛ ወዲህ ምሳ ቤቴ ነው ምበላው።

የቄስ ልጅ · ኅዳር 10

ሰሞነኛው ጽሁፍህን ሁለቴ አነበብኩት። አባቴ ቄስ ነው፣ እዛው መንዝ፣ ከአንተ ከተማ ብዙም አይርቅም። @ደብሬ 130 የሰበካ ጉባኤው ሥራ ነው ላልከው ግን ነገሩ እንደዛ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር።

ከድሮ ልጀምርላችሁ። ድሮ ካህን በአገልግሎቱ የሚያርሰው መሬት ነበረው፣ ቅዳሴ የቀደሰ፣ ቅኔ ያስተማረ፣ ደወል የደወለ ሳይቀር የየራሱ ድርሻ አለው፣ ካላገለገለ መሬቱ ይሄዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይሄ ሁሉ ቀረ። ካህኑ እንደማንኛውም ገበሬ እጁ ላይ በደረሰው መሬት አራሽ ሆነ፣ አገልግሎቱ ግን እንዳለ ነው። ቃለ ዓዋዲው፣ የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው፣ ከዛ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1965 ወጥቶ ነበር፣ ምእመኑ በአባልነት እየከፈለ አጥቢያውን እንዲያስተዳድር። አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል፣ ምክንያቱም ሰው አለ ብር አለ። 200 አባወራ ባለበት አጥቢያ፣ ያውም ገብስ በውርጭ በተመታ ዓመት፣ ከማን ላይ ምን ትሰበስባለህ? ከተሰበሰበው ላይ ደሞ ወደ ላይ የሚላክ ፐርሰንት አለ።

ስለዚህ አባቴ ሰሞነኛ፣ የሳምንቱ ተረኛ፣ ሲሆን 7 ቀን ከእርሻው ይቀራል። ኅዳር ላይ ሰሞኑ ከደረሰው ገብሱ ሜዳ ላይ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ጎረቤት በደቦ መጥቶ ያጭድለት ነበር፣ ሳይጠሩት፣ እሱ ሌሊት ለነሱ ስለሚቆም እነሱ ቀን ለሱ ይቆማሉ። አሁንም አለ ግን ቀንሷል፣ የሚያጭደው ወጣት የለማ። እኔ ራሴ የት ነኝ? ቦሌ ቁጭ ብዬ ኮሜንት እጽፋለሁ።

እኛ አራት ወንዶች ነን። አባቴ አንዳችንንም ድቁና አላስተማረንም። አንድ ቀን ለምን አልኩት። «የኔን ጉልበት አይተህ ነው የምትጠይቀኝ?» አለኝ። ተንበርክኮ ሲነሳ ድምፅ ያወጣል ጉልበቱ። ሌላ አልጨመረልኝም።

መቋሚያ · ኅዳር 10

የቄስ ልጅ የተናገርከው እውነት ነው፣ አንድ ነገር ግን ዘለልክ። ዲያቆን የጠፋው ደሞዝ ስለሌለ ብቻ አይደለም፣ መማሪያው ስለጠፋ ነው። ድሮ ልጅ ማንበብ የሚማረው የኔታ እግር ስር ነበር፣ ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዛ ዳዊት ደገመ ይባላል። ሁሉም ቄስ አይሆንም፣ ግን ከ30 ልጅ ሦስቱ ወደ ዜማው ይሄዳሉ። አሁን ልጁ በፈረቃ ትምህርት ቤት ይውላል፣ ሲመለስ በግ ይጠብቃል፣ ማታ ስልክ። ዘመናዊ ትምህርት አይቅር፣ ልጄም እዛው ነው ያለው። የኔታ ግን ተማሪ ሳይኖራቸው ዋርካ ስር ብቻቸውን ቁጭ ብለው አይቻለሁ እና ምን ልበልህ።

ሰሞነኛው አንተ ልሂድ ልቅር እያልክ ነው፣ እኔ ምጠይቅህ ስንት ልጅ እያስተማርክ ነው?

ሰሞነኛው · ኅዳር 10

@መቋሚያ መታኸኝ። ዜሮ።

ሸዋዬ · ኅዳር 11

ወንዶቹ ስትጨርሱ እኔም ልናገር 😊

እኔ ያደግኩት ሞላሌ አካባቢ ነው። ሰሞነኛው አምስት ሰው ነው ምትለው አይደል፣ መቅደስ የገቡትን ነው የቆጠርከው። የቁርባኑን መገበሪያ ስንዴ ማን ለቀመው? ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን አንድ በአንድ? እኛ ሰፈር ሁለት እማሆይ ነበሩ፣ ዓይናቸው ደክሞ ፀሐይ ላይ ሰፌድ ይዘው ቁጭ ብለው፣ እኔ ልጅ ስለነበርኩ «ዓይንሽን አበድሪን» ብለው ይጠሩኛል። ለሁለት ሰዓት ትለቅሚያለሽ፣ ደሞዝሽ አንድ እፍኝ ቆሎ ነው።

ሰንበቴውንስ? ተረኛ የሆነች ቤት ጠላ ስትጠምቅ፣ ዳቦ ስትደፋ፣ ንፍሮ ስትቀቅል ሳምንቱን ሙሉ ነው፣ ውሃው ከምንጭ በጀርባ ነው ሚመጣው፣ ማገዶው ኩበት ነው ሳይደርቅ ዓይን የሚያጠፋ። እሁድ ወንዶቹ ሰንበቴ ቤት ገብተው «ጠላው ቀጥኗል» ይላሉ። አጎቴን ነው ምላችሁ፣ ነፍሱን ይማር፣ የጠላ ዳኛ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እናቴ ባሏ የሞተ ጊዜ፣ አባቴ ማለቴ ነው፣ ሰንበቴው ሁለት ዓመት ተራዋን ዘለላት። ማንም ስብሰባ አልጠራም፣ ሙሴው፣ የሰንበቴው መሪ፣ ስሟ ጋ ሲደርስ ቀጣዩን ይጠራል፣ አለቀ። እናቴ በሦስተኛው ዓመት ራሷ ተነስታ «እኔ የለሁም እንዴ?» አለች። በዛ ዓመት የጠመቀችውን ጠላ አጎቴ ዝም ብሎ ጠጣ።

ልሂድ ወይ ልቅር ለሚለው መልስ የለኝም። እናትህን ግን ጠይቃት፣ እኛን ትጠይቃለህ እንዴ።

ናፋቂ · ኅዳር 11

እኔ ውጭ ነው ያለሁት ከሄድኩ 19 ዓመቴ። ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ከአካባቢያችን ከወጣን ልጆች ጋ ተሰባስበን ለአጥቢያችን አዲስ ሕንጻ ቤተክርስቲያን አሠርተናል። የድሮው የጓሳ ሳር ክዳን ነበር፣ ያፈስ ነበር። አሁን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ባለ ሦስት ጉልላት፣ እብነበረድ። ባለፈው ዓመት ለንግሥ ሄድኩ። እልል ተባለልን፣ ካባ አለበሱን፣ ፎቶ ተነሳን። በሳምንቱ እሁድ ልሳለም ስሄድ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛውን ጠየቅኩት፣ «ካህን የለም፣ በወር ሁለቴ ነው የሚቀደሰው» አለኝ። ያንን ሁሉ ብር ስናዋጣ አንዳችንም ማን ይቀድስበታል ብለን አልጠየቅንም። ቁልፉን አስከፍቼ ብቻዬን ገብቼ ወጣሁ፣ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል ገና።

ደብሬ 130 · ኅዳር 11

@ናፋቂ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ሰው ለቆርቆሮ ይሰጣል ለካህን ደሞዝ ግን አይሰጥም፣ ምክንያቱም ቆርቆሮ ፎቶ ይነሳል። ስዕለት እንኳን ብታይ የአዲስ አበባ ሰው ጻድቃኔ ማርያም ድረስ ይመጣል፣ ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ ይወርዳል፣ ጃንጥላና መጋረጃ ይሳላል። በረከቱ ይድረሰው። መሀል ላይ ያለችው አጥቢያ ግን ጧፍ የላትም።

የሮቢት ልጅ · ኅዳር 12

እኔ ሙስሊም ነኝ ሸዋ ሮቢት ነው ያደግኩት፣ ክሩን እየተከታተልኩ ነው እና ዝም ማለት አቃተኝ። ይሄ አምስተኛ ሰው የምትለው ነገር የኛም እድር ላይ አለ። አባቴ ጡሩንባ ነፊ ነበር፣ የሞተው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሌሊት ተነስቶ ይነፋል፣ ሰፈሩ የአንድ እድር ስለሆነ። ሲታመም የሚተካው ጠፍቶ እኔ የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ነፋሁ፣ ድምፁ እንደ አህያ ነበር ሰው ለቅሶ ላይ ሳቀብኝ። አሁን በስልክ ነው ሚጠራሩት። የካቲት ድረስ ጊዜ አለህ አትቸኩል።

ጥሬ ገብስ · ኅዳር 12

ሰሞነኛው አንድ ጥያቄ በቁም ነገር፣ በመንዝ ብርድ ባዶ እግር ነው ምትቀድሱት? ካልሲ አይቻልም?

ሰሞነኛው · ኅዳር 12

@ጥሬ ገብስ ይሄን ስለጠየቅከኝ እግዜር ይስጥህ።

ወለሉ ድንጋይ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስትረግጠው መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዛ ያማል፣ ከዛ እግር እንዳለህ ትረሳለህ። ከሁሉ ሚከፋው ግን ቅዳሴው አይደለም፣ ቤተልሔሙ ነው። ተረኛ ስትሆን ሕብስቱን ምትጋግረው አንተ ነህ። ክረምት ላይ እንጨቱ ዝናብ መትቶታል፣ ቤቷ ጠባብ ናት፣ በሩን ዘግተህ ነው ምትሠራው፣ ጭሱ መውጫ የለውም። ዱቄቱን አቡክተህ፣ ሊጡን ጠብቀህ፣ እሳቱን እፍ ስትል ዓይንህ ይፈሳል፣ እንባህ ሊጡ ላይ ጠብ እንዳይል አንገትህን አዙረህ ነው እፍ ምትለው። የመጀመሪያ ቀን ሦስቱን አቃጠልኩ። አብሮኝ የነበረው የ10ኛ ክፍል ልጅ ምንም ሳይለኝ የተቃጠለውን ወደ ጎን አድርጎ እንደገና አቦካ፣ ከዛ «አዲስ አበባ በምድጃ ነው እንዴ?» አለኝ። በልቡ በጣም ስቆብኛል።

ካልሲውን መምሬን ጠየቅኳቸው። ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለው የቆምክባት ምድር ቅድስት ስለሆነች ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ዞርኩ። ትንሽ ቆይተው ከኋላዬ «በረሃ ላይ ነው ግን የተባለው፣ መንዝ ላይ ቢሆን እግዜርም ያዝንለት ነበር» አሉ። እስካሁን ፈቀዱልኝ አልፈቀዱልኝም አላውቅም።

ሸዋዬ · ኅዳር 12

ካልሲ ይፈቀዳል ማለት ነው እሱ 😂 የመንዝ ቄስ እንደዛ ነው ሚፈቅደው።

መቋሚያ · ኅዳር 13

አይፈቀድም ማለት ነው። ሸዋዬ አታሳስቺው።

የቄስ ልጅ · ኅዳር 13

አባቴን በስልክ ጠየቅኩት። «ልጁ በርኖስ አለው?» አለኝ። ስለ ካልሲው አልመለሰልኝም።

ሰሞነኛው · ኅዳር 30

ትንሽ ጠፋሁ። ሦስት ልጅ ጀምሬያለሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ 12 ሰዓት ላይ እማማ ግቢ፣ የእህል ጎተራው ጥግ፣ መብራት ሲጠፋ በስልኬ ባትሪ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስምንት መጡ፣ እማማ ቆሎ ይቆሉላቸው ስለነበር ይመስለኛል፣ ቆሎው ሲቆም ሦስት ቀሩ። ውዳሴ ማርያሙን የኔታ ናቸው የያዙት፣ እኔ ግብረ ዲቁናውን፣ ዲያቆኑ በቅዳሴ የሚለውን። የኔታን ለመለመን ስሄድ ዕድሜዬ አልፏል ይሉኛል ብዬ ነበር፣ «መቼ?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ጥምቀት ሲያልፍ ደብረ ብርሃን ይዤያቸው እሄዳለሁ ለክህነቱ። መምሬ ይደርሳሉ ብለዋል። የኔታ አይደርሱም ብለዋል። በዚህ ጉዳይ እየተኮራረፉ ነው።

ደብሬ 130 · ታኅሣሥ 1

ስትመጣ ደውልልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ማደሪያ አትከራይ፣ እኔ ጋ ፍራሽ አለ።

ሰሞነኛው · የካቲት 4

ያልኩትን ልጻፍላችሁ፣ ስንቶቻችሁ እንደጠየቃችሁኝ በውስጥ መስመር።

ጥር 25 ሌሊት ነው የተነሳነው፣ ሦስቱ ልጆች፣ እኔ፣ መምሬ። ልጆቹ አንዳቸውም ከመሐል ሜዳ አልፈው አያውቁም። ነጠላቸው ታጥቦ ታጥፎ በፌስታል፣ ስንቃቸው በሶ። ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት አውቶቡሱ ለሰዓት ቆመ፣ ትንሹ ልጅ እዛው መስኮቱ ላይ አስመለሰ። መምሬ በጋቢያቸው ጫፍ አፉን ጠረጉት፣ ከዛ ጋቢውን ገልብጠው ለበሱት። ደብሬ 130 መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀን፣ ክሩ ላይ እንደምታውቁት ነጭናጫ አይደለም፣ ሽሮ ሠርቶ ጠበቀን፣ ጨው የለውም እንጂ።

ፈተናው በማግስቱ ነበር፣ ከየወረዳው የመጣ ልጅ ግቢውን ሞልቶታል። የኛዎቹን አንድ በአንድ አስነበቧቸው። ሁለቱ አለፉ። ትንሹ፣ ያስመለሰው፣ ንባቡ ተያዘበት፣ የሚያውቀውን ገጽ ነው ደግሞ፣ እማማ ጎተራ ስር በቃሉ ይለው የነበረውን። ተመልሰህ ና ተባለ። አላለቀሰም። ውጭ ቆሞ ሁለቱ ሲወጡ ነጠላቸውን ያዘላቸው።

በመልሱ መንገድ መምሬ የኔታ ትክክል ነበሩ ማለት ነው አሉ፣ ለራሳቸው። ከዛ እስከ ከተማ አልተናገሩም።

እና ዝውውሩ። እናቴን ጠየቅኳት ሸዋዬ እንዳለችው። «እኔ ጋ ብትመጣ ቅዳሴ ታቆማለህ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፣ የሰፈራችን ደብር ተራ እንደማይደርሰኝ። ዝም አለችና «እንግዲህ ሁለቱ ልጆች አሉ አይደል» አለች። አሉ። ሁለቱ አዲሶች፣ የ10ኛ ክፍሉ አንዱ፣ ሦስት ይሆናሉ። ፋብሪካ የገባው ሄዷል። ስለዚህ ቁጥሩ ያለ እኔ ሞልቷል። ይሄን ስቆጥር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

የካቲት 20 እሄዳለሁ። ለእማማ ስነግራቸው ቡና እያፈሉ ነበር፣ «አውቃለሁ» አሉኝ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እዚህ ከተማ ሰው ሳያስብ በፊት ይታወቃል። ከዛ ከአልጋቸው ስር አንድ ነገር አውጥተው ሰጡኝ፣ ከበጎቻቸው ጸጉር በእጃቸው የፈተሉት፣ ጎረቤት የሠራችው የሱፍ ካልሲ። ሁለት ጥንድ። አንዱ የኔ ነው፣ አንዱ የመምሬ።

ጥሬ ገብስ · የካቲት 4

መምሬ ተቀበሉ???

ሰሞነኛው · የካቲት 4

ተቀበሉ። ሲያደርጉት ግን አላየሁም።

መቋሚያ · የካቲት 5

ሦስተኛው ልጅስ? ማን ያስጨርሰዋል?

ሰሞነኛው · የካቲት 5

አሁን ከፊቴ ነው ያለው፣ ስልኬን ለመብራት ስለሚፈልገው ልዘጋው ነው። ያቺው ገጽ ላይ ነን። እስከ 20 ድረስ 15 ማታ አለን፣ ከዛ የኔታ ይቀጥላሉ፣ በስልክም እንሞክራለን ኔትወርክ ካለ። ቆይ እማማ ቆሎ ይዘው መጡ።